ካርታው «ዝናብ» ይላል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል

ራዳሩን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኢንተርኔት ላይ በምታዩት የራዳር ካርታ ያለው ቀለም መሬት ያረፈ ዝናብ አይደለም። ራዳሩ ከላከው የሬዲዮ ሞገድ ውስጥ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ሰማይ ላይ የነበረ ነገር ወደ ራዳሩ የመለሰው ነው።

ዶፉ እየወረደብኝ ካርታው ገና ሩቅ ነው ይላል

ምስሉ አርጅቷል። ራዳር ዙሪያውን ቃኝቶ እስኪጨርስ በተለምዶ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ምስሉ ተቀናብሮ ስልካችሁ እስኪደርስም ሌላ ጊዜ ይጨመራል። መጀመሪያ ምስሉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት እዩ፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ከሆነ ወደ አካባቢያችሁ ሰዓት ቀይሩት። ቀጥሎ ሁለት ተከታታይ ምስሎችን አነጻጽሩ፦ ዝናቡ በ10 ደቂቃ 8 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የመጨረሻው ምስል 10 ደቂቃ ካለፈው ዝናቡን በሐሳባችሁ 8 ኪሎ ሜትር ወደፊት ግፉት። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ስሌቱ ይቅርና ቤት ግቡ።

ካርታው አናቴ ላይ አረንጓዴ (ዝናብ) ያሳያል፣ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም

ሰውን በጣም የሚያናድደው ይሄኛው ነው። የራዳር ጨረር በትንሹ ቀና ብሎ ስለሚላክ፣ ምድርም ከሥሩ ስለምትጎብጥ፣ በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል። ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቀና ያለ ጨረር 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከፍታው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 200 ላይ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እዚያ ያገኘው ዝናብ፣ ታች ያለው አየር ደረቅ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ተንኖ ይቀራል። ስለዚህ ራዳሩ የቆመበትን ቦታ ፈልጉና ርቀታችሁን ለኩ። ምርጫው ካለ የቅርቡን ራዳር፣ ከዚያም ዝቅተኛውን ቅኝት (ለመሬት በጣም የቀረበውን ጨረር) ክፈቱ። የሁሉንም ከፍታ ጠንካራ ምልክት ደርቦ የሚያሳየው ምስል ያስፈራል እንጂ ለዚህ ጥያቄ አይበጅም።

ይዘንባል፣ ካርታው ግን ባዶ ነው

የዚያው ግልባጭ ነው፤ ዝቅ ካለ ደመና የሚወርድ ካፊያ ከጨረሩ በታች ያልፋል። ክፍተቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንደ ሽብልቅ ተዘርግቶ ከታየ ግን ተራራ ጨረሩን ከልሎታል። በ3 ወይም በ5 ሳንቲ ሜትር ሞገድ የሚሠራ ራዳር ሌላም ድክመት አለው፦ ከፊት ያለው ዶፍ ሞገዱን ስለሚያዳክመው ከኋላ ያለው ማዕበል ሳስቶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይታያል። በሌላ ጎን ያለ ራዳርን ወይም የመብረቅ ካርታን አመሳክሩ።

ቀጥ ያለ ጨረር መሰል መስመር፣ የሚሰፋ ቀለበት፣ የማይንቀሳቀስ እድፍ

ዝናብ አይደሉም። መስመሩን የምትወጣ ወይም የምትጠልቅ ፀሐይ አለዚያም የዋይፋይ ሞገድ ያመጣዋል። ንጋት ላይ እየሰፋ የሚሄደው ቀለበት ከማደሪያቸው የሚበተኑ ወፎች ሊሆን ይችላል። እድፉ ኮረብታ ወይም የነፋስ ተርባይን ነው። አኒሜሽኑን አጫውቱት፤ ዝናብ ከነፋስ ጋር ይጓዛል፣ እነዚህ አይጓዙም።

ካርታው መቼም ገጥሞ አያውቅም

ምናልባት ራዳር ላይሆን ይችላል። ራዳር በሌለበት አካባቢ አንዳንድ አፖች የሳተላይት ግምት ወይም የኮምፒውተር ትንበያ በራዳር ቀለም ቀብተው ያቀርባሉ። ሳተላይቱ ከላይ የሚለካው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ከሆነ፣ ዝናብ የሌለው ከፍተኛ ስስ ደመናም ሊያታልለው ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የምስሉን ምንጭና የራዳሮቹን ሽፋን እዩ። የሰዓት መስመሩ ከአሁን አልፎ ወደፊት ከሄደ፣ ያ ክፍል ትንበያ ነው፤ ነጎድጓዳማ ዝናብን በተመለከተ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለውን ብዙ አትመኑት።