ለልጆች የቅዳሜ የሜዳ ሆኪ ፊሽካ ለምትይዙ

ፊሽካ የያዝኩት ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። የልጄን ጨዋታ ላይ መጥቼ ቆሜያለሁ፤ ዳኛው ቀረ፤ አሰልጣኙ ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። የዚያን ቀን ሁለቱን የአንደኛ ደረጃ ቡድኖች 11 ለ11 በሙሉ ሜዳ አጫወትኳቸው። 91.4 ሜትር በ55 ሜትር! አንዲት ልጅ ዱላዋ ኳስ ሳይነካ ጨዋታው አለቀ። ሣር ስትነጭ ነው ያየኋት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳውን ቁረጡት። ከግብ መስመሩ እስከ 23 ሜትሩ መስመር ያለውን ብቻ ውሰዱና በወርዱ ይጫወቱበት። ይህ ለ6 ለ6 በቂ ነው፤ አንድ ሙሉ ሜዳ እንዲህ ያለ አራት ጨዋታ ያስተናግዳል። ግቡን በኮን አድርጉ። ሙሉ መከላከያ የለበሰ ልጅ ከሌለ ግብ ጠባቂ አታቁሙ፤ እዚህ ላይ ልመና አልሰማም።

ከፊሽካው በፊት ልጆቹን አሰልፉና አንድ በአንድ ተመልከቱ። የቅልጥም መከላከያ፣ የአፍ መከላከያ፣ ዱላ። የአፍ መከላከያውን ካልሲው ውስጥ የሚደብቅ አይጠፋም፤ «እስቲ ፈገግ በል» ማለት ይበቃል። ዱላው ከጎኑ ሲቆም ዳሌው አካባቢ ይድረስ። የታላቅ ወንድሙን ዱላ ይዞ የመጣ ልጅ ጫፉ ሆዱን እየወጋው ስለሚያስቸግረው ወደ ላይ ያወናጭፋል፤ ጎን የቆመው ልጅ ጥርስ የሚሰበረው ያኔ ነው።

ጨዋታው ሲጀመር ሦስት ነገር ላይ አተኩሩ፦ እግር፣ የዱላው ጀርባ፣ ወደ ላይ የተነሳ ዱላ ወይም ኳስ። ኳስ የሚነካው በዱላው ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው፤ የግራኝ ዱላ የሚባል ስለሌለ ግራኙም እንደ ሌላው ግራ እጁን ከላይ ይይዛል። ኳስ እግር በነካ ቁጥር ግን አታፏጩ። የነካው ልጅ ካልተጠቀመበት ይለፍ፤ አለዚያ ጨዋታ ሳይሆን የፊሽካ ትርዒት ይሆናል። በቅጣት ምት ጊዜ ተጋጣሚ 5 ሜትር ይራቅ። መቺው ለሌላ ሳያቀብል ራሱ እየነዳ መቀጠል እንደሚችል ንገሯቸው፤ ብዙ ልጅ ይህን አያውቅም። ኦፍሳይድ የለም፤ ከጎን የሚጮኹ አባቶች ይህን ለማመን ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ስለ ወላጆች ከተነሳ፣ አደገኛው ቃል «ምታው!» ነው። ልጁ ይሰማና ባለ በሌለ ኃይሉ ይሰነዝራል። እኔ በትንንሾቹ ጨዋታ መምታትን ከልክያለሁ፤ ኳስ የሚሄደው ዱላው ከኳሱ ሳይለይ በመግፋት ብቻ ነው። ወላጆች «ግፋው!» እንዲሉ ከጨዋታው በፊት እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ግን ይለምዱታል።

የትልልቆቹ ጨዋታ አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፤ ለልጆች አራት ጊዜ 8 ይበቃል። ቅያሬ ገደብ የለውም፤ ተቀይሮ የወጣም ይመለሳል። በየእረፍቱ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ ወረቀት ላይ ጻፉ። በቃል ከያዛችሁት ዝምተኛው ልጅ ሁልጊዜ ይረሳል።

ስትጨርሱ ኳሶቹን ቁጠሩ። 10 አውጥታችሁ 7 ካገኛችሁ ሦስቱ ከግቡ ኋላ ሣር ውስጥ ናቸው።