የሕፃናት ጥበቃ ሕጎቻችንን ታሪክ እንዴት መከታተል ይቻላል?

የአገራችንን የሕፃናት ጥበቃ ሥርዓት ዕድገት ለማጥናት የሚሹ ከሆነ አዋጆች ከሚታተሙበት ከነጋሪት ጋዜጣ ይጀምሩ፤ የቆዩ እትሞችን በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።

በቅድሚያ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አዲስ አበባ ከምትተዳደርበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም ከአዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋር ጎን ለጎን ያንብቡ። ቀዳሚው የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ሲያደርግ፣ ኋለኛው ለሁለቱም 18 አድርጎታል፤ በእኔ ግምት የአስተሳሰቡን ለውጥ ከዚህ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ ድንጋጌ የለም። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለመረዳት ደግሞ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የጸደቀበትን አዋጅ ቁጥር 10/1984ንና ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ የሚያዘውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ይመልከቱ።

ሲመዘግቡ ዓመተ ምሕረቱን ይጠንቀቁ (ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው)፤ ያው የቤተሰብ ሕግ በጋዜጣው የእንግሊዝኛ ዓምድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 213/2000 ተብሎ ስለሚጻፍ ሁለት አዋጅ ሊመስል ይችላል።

በመጨረሻም የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የከለከለውን አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ያክሉበት።