የአምፕ ሶፍትዌር ስህተቶች፦ አምባሰልና ባቲ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገቡ ለምን ይደበዝዛሉ?

ደሴና ኮምቦልቻ ኪራይ ቤት ውስጥ ጊታር ለሚለማመድ ሰው ትልቁ ችግር የጎረቤት እንቅልፍ ነበር። አሁን ላፕቶፕና ሄድፎን ያለው የአምፕ ሶፍትዌር (የጊታር ማጉያን ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም) ጭኖ እኩለ ሌሊት ላይም ማንንም ሳይረብሽ ይጫወታል። ድምፁ፣ በተለይ አምባሰልና ባቲን በመሳሰሉ ቅኝቶች፣ አላምር ሲል ግን ብዙዎች የሚያደርጉት ሌላ ሶፍትዌር ማውረድ ነው፤ እሱም አላምር ሲል ሌላ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከሶፍትዌሩ በፊት ወይም በቁልፎቹ አያያዝ ላይ ነው።

ከገመዱ እንጀምር። ጊታርን በቀጥታ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ አትሰኩ። ባትሪ የሌለው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) 1 ሜጋኦም አካባቢ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የማይክ ቀዳዳው ግን ጥቂት ኪሎኦም ብቻ ስለሆነ ፒካፑን ይጫነዋል፣ ብሩህ የሆነው ድምፅ እዚያው ይቀራል። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታርን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ መሣሪያ) የገዛ ሰውም «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚለውን ቁልፍ ካልተጫነ ችግሩ ያው ነው። ቀጥሎ በጣም ጠንክራችሁ የምትመቱትን ኮርድ እየመታችሁ የኢንተርፌሱን ጌይን (የመግቢያውን ማጉያ መጠን) አስተካክሉ፤ የድምፁ ጫፍ በመለኪያው ላይ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይረፍ። ቀይ መብራት በርቶ የተቆረጠን ድምፅ የትኛውም ፕለጊን (በመቅጃ ፕሮግራም ውስጥ የሚጨመር ሶፍትዌር) አይጠግነውም።

ብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገያል። ባለገመድ ይሁን።

ባለገመድ ሆኖም ድምፁ ከጣት ኋላ የሚቀር ከሆነ የበፈሩን መጠን እዩ፤ በፈር ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የድምፅ ቁራጭ ነው፣ የሚለካውም በሳምፕል ነው። ዊንዶውስ ላይ የኢንተርፌሱን የራሱን የአዚዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም መዘግየትን የሚቀንሰውን የድምፅ ፕሮግራም፣ ጫኑ፤ ከሌለው አዚዮ ፎር ኦል ይሠራል። በ48,000 ኸርዝ 128 ሳምፕል ማለት 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ 1,024 ሳምፕል ግን 21 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፣ መግቢያና መውጫ ሲደመር ደግሞ በእጥፍ። ስትጫወቱ 128፣ ድምፁ ከተንጫጫ 256፣ ሚክስ ስታደርጉ 1,024 አድርጉት። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትሠሩ ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ መንጫጫቱ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ የኃይል ቅንብሩን ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም ቀይሩት። የኢንተርፌሱን «ዳይሬክት ሞኒተር» ማጥፋትም አትርሱ፤ ካልጠፋ ያልተቀነባበረው ጊታር ከተቀነባበረው ጋር ተደርቦ ይሰማል።

እንደ ንብ የሚጮህ፣ ጆሮ የሚቧጥጥ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ካቢኔቱ (የአምፑ የስፒከር ሳጥን) የለም ማለት ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ይቆርጣል፤ በሶፍትዌር ይህን የሚሠራው የካቢኔት ፋይሉ፣ «አይአር» የሚባለው ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ኒውራል አምፕ ሞዴለር በነፃ የሚገኝ ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ሞዴሎቹም ትንንሽ ስለሆኑ በደካማ ኢንተርኔት እንኳ ይወርዳሉ። ነገር ግን አንዳንዱ ሞዴል የተቀዳው ከነካቢኔቱ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ካቢኔት ሲደረብ ድምፁ ይታፈናል። ሞዴሉ አምፑን ብቻ ነው ወይስ ከነካቢኔቱ የሚለውን ከማውረዳችሁ በፊት መግለጫው ላይ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት፤ በወሎ ቅኝት ላይ ከሁሉም የከፋው ይህ ነውና። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት ፕሪሴቶች (አስቀድመው የተዘጋጁ ቅንብሮች) አብዛኞቹ ለሮክና ለሜታል የተሰናዱ ናቸው፦ ጌይን እስከ ጥግ፣ ረጅም ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት)፣ ተደጋጋሚ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም)። ጀማሪ ሲከፍተው ድምፁ ትልቅ ስለሚሆን ይማርከዋል። ከዚያ አምባሰል ይጫወትበታል፣ አምባሰሉም ይጠፋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ከዶ ወደ ሬ ፍላት፣ ከሶል ወደ ላ ፍላት ግማሽ ድምፅ ብቻ አለ። ቅኝቱ የሚኖረው በእነዚህ ግማሽ ድምፆች ነው። 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ያለው ዶ 261.6 ኸርዝ ነው፤ 3ኛው ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ያለው ሬ ፍላት 277.2። የመጀመሪያው ሳይቆም ሁለተኛው ከተመታ ልዩነታቸው በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ዲስቶርሽን፣ ማለትም ጌይን ሲበዛ የሚመጣው መሻከር፣ ይህን መንቀጥቀጥ አጉልቶ እናንተ ያልተጫወታችኋቸውን ተጨማሪ ድምፆች ይፈጥራል። ረጅም ሪቨርብና ዲሌይም የቆመውን ኖታ አስነስተው በአዲሱ ላይ ይደርቡታል። አንቺ ሆዬም፣ ባቲ ሜጀርም፣ ትዝታ ማይነርም ግማሽ ድምፅ ስላላቸው ያው ይደርስባቸዋል። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር ግማሽ ድምፅ ስለሌላቸው ይበልጥ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ ፕሪሴት ለአራቱም ቅኝት ይበቃል ብላችሁ አትቀመጡ።

መፍትሔው ይህ ነው። ንጹሕ አምፕ ምረጡ፣ ጌይኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ጠንክራችሁ ስትመቱ ብቻ ትንሽ እስኪሻክር ድረስ ከፍ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ግን ጥርት ይበል። የቀረውን በጊታሩ በራሱ የቮሊዩም ቁልፍ ሥሩ። ሪቨርቡን ከ1 ሰከንድ አካባቢ አታሳልፉ፤ ዲሌይ ካስፈለገ አንድ ድግግሞሽ፣ ከ15 በመቶ ያልበለጠ። ግማሽ ድምፆቹን በተለያየ ክር ሳይሆን በአንድ ክር ላይ ተጫወቱ፤ 2ኛው ክር ላይ ከ1ኛው ወደ 2ኛው ፍሬት ስትሄዱ ቀዳሚው ኖታ ራሱ ይቆማል፣ ድምፃውያን የሚያደርጉትን ማንሸራተትም ታገኛላችሁ። ፕሪሴቶችን ስታወዳድሩ ደግሞ መጠናቸውን እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

ኖይዝ ጌትም (ዝቅ ያለ ድምፅን የሚዘጋው) እንዲሁ ነው። ከፍ አድርጎ የዘጋው ሰው የትዝታን ረጅም ኖታ ጭራውን ይቆርጣል። ጌቱን ከመንካታችሁ በፊት የሁምታውን (ሳትጫወቱ የሚሰማውን የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ) ምንጭ ፈልጉ፦ የላፕቶፑን ቻርጀር ለጊዜው ንቀሉና አድምጡ፤ ከቆመ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም መሬት የሌለው ሶኬት ነው። ካልቆመ ከስክሪኑ ራቁ፣ ጊታሩንም ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒካፕ ላይ ሁምታው በአቅጣጫ ይለያያል። የሶኬቱን የመሬት እግር ማውለቅ ግን በምንም ምክንያት አይሞከርም፤ ሕይወት ያጠፋል።

በፍላሽ የሚዞር ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ፕለጊን አትጫኑ። ቫይረስ ካለበት የቀዳችሁትን ሥራ ይዞ ይሄዳል፣ ነፃ የሆነ ጥሩ ነገር እያለም አያስፈልግም።

ስትቀዱ ያልተቀነባበረው የጊታር ድምፅ መቀዳቱን አረጋግጡ፤ ፕለጊኑ ትራኩ ላይ እንደ ኢፌክት ከተቀመጠ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን ያደርጋሉ፤ አምፑን ነገ መቀየር ትችላላችሁ።

ከማሲንቆ ወይም ከክራር ጋር የምትቀዱ ከሆነ በሶፍትዌሩ ቱነር 440 ኸርዝ (የተለመደው የላ ኖታ መነሻ) ላይ ተቃኝታችሁ አትጠብቁ። እነሱ የሚቃኙት ለዘፋኙ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የማሲንቆውን ክፍት ክር አስመቱ፣ የቱነሩን መነሻ ወደ እሱ አምጡ፣ ጊታሩን በዚያ ቃኙ። በኋላ በፒች ማስተካከያ እናመጣዋለን ማለት በተለይ ሁለት ክር አብሮ በተመታበት ቦታ ድምፁን ያበላሸዋል።