አያ ጅቦ ደጅ ሲመጣ፦ ተራራ ላይ ከዱር እንስሳት ጋር እንዴት ይኖራል?

ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ሥር ቤት ያለው ሰው እንግዳ አያጣም። ችግሩ፣ አብዛኛው እንግዳ ባለአራት እግር ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ያውም በሌሊት። እኔ ከተማ ከርሜ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ነገሩን ሁሉ ረስቼው ነበር። ከስሬ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደመጣ እወቁ። ማታ ከምድጃ አመድ ዝቃችሁ በወንፊት ንፉትና ደጃፍ ላይ፣ በዶሮ ቤቱ ዙሪያና አጥሩ በሳሳበት በኩል ስስ አድርጋችሁ በትኑት። ጠዋት ሰው ሳይረግጠው እዩት። የጅብ ዱካ እንደ ውሻ አራት ጣት አለው፣ ጥፍሩም ይታያል፤ ግን ከውሻ ይተልቃል፣ የፊት እግሩም ከኋላው ይሰፋል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል፣ አጥንት ቆርጥሞ ስለሚያድር። ሸለምጥማጥ የድመት የመሰለ ትንሽ ክብ ዱካ ትታ ትሄዳለች። ጃርትን ግን በዱካ መፈለግ አያስፈልግም፤ ወይ ነጭና ጥቁር እሾህ ጥላለች፣ ወይ የድንቹን መደብ ገልብጣዋለች።

ቀጥሎ ግብዣውን አንሱ። ጅብ የሚመጣው እናንተን ሽቶ አይደለም፣ የሚሸት ነገር ስላለ ነው። የበዓል አጥንት፣ ያልደረቀ ቆዳ፣ የሞተ ጥጃ፣ እነዚህ ከቤት ርቀው በጥልቅ ይቀበሩ። ደግሞ ጠፍር ነገር ውጭ አታሳድሩ። እኔ አንድ ማታ ደክሞኝ ሞፈርና ቀንበሩን ደጅ አስደግፌ ተኛሁ። ጠዋት ሞፈሩም ቀንበሩም በቦታቸው አሉ፣ ሁለቱን የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ፣ ግን የለም። ከነቋጠሮው በልቶታል! የእርሻ ወቅት ስለነበር ምራን ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ስዞር ዋልኩ፣ ያየኝ ሁሉም ሳቀብኝ። ውሻችን የጮኸው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ነው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከብቱን ሳይመሽ ጋጣ አስገቡ። በተለይ አህያ! «ዛሬ ብቻ ሜዳ ትደር» ያላችሁ ቀን ነው ጅብ የሚያገኛት። የእሾህ አጥር ስታጥሩ የቅርንጫፉ ግንድ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ይሁን፤ ስሩን ደግሞ በድንጋይ ተጫኑት፣ ጅብ ከሚዘልል ይልቅ በሥር መሹለክ ይቀናዋል።

ዶሮ ያለው ሰው ጣጣው ይበዛል። ሸለምጥማጥ ቀጭን ናት፣ ጭንቅላቷ የገባበት ሁሉ አካሏም ይገባል። የዶሮ ቤቱን በቀን ውስጡ ገብታችሁ በሩን ዝጉትና ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ ቁጠሩ፣ ከዚያ በጭቃና በድንጋይ ድፈኑት፤ ለአየር የሚተወውን በወንፊት ሽቦ ምቱት። ጣራና ግድግዳው የሚገናኙበትን እንዳትረሱ። ሰው ሁልጊዜ ታች ታቹን እያየ እሷ በላይ ትገባለች።

ጃርት ድንች ትወዳለች። ከፍ ያለ አጥር አይጠቅምም፣ ቆፍራ ስለምትገባ የአጥሩ ሥር በተቀበረ ድንጋይ መጠበቅ አለበት። ድንቹ ሲደርስ ደግሞ ቶሎ አውጡት፣ አፈር ውስጥ በከረመ ቁጥር ከእሷ ጋር መካፈላችሁ አይቀርም። እሾኋን ትወረውራለች የሚባለው ግን ተረት ነው። ጀርባዋን አዙራ ወደ ኋላ ትገፋለች፣ እሾሁ በቀላሉ ስለሚነቀል የተጠጋው ውሻ አፍንጫ ላይ ይቀራል።

ዝንጀሮ የቀን ነው፣ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል። ለእሱ መድኃኒቱ ሰው ብቻ ነው፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ ካለ ይበቃል። ከከተማ የመጡ እንግዶቻችሁን ግን ተቆጣጠሩልኝ። ፎቶ ለማንሳት ብለው አንዴ ዳቦ ከወረወሩለት፣ በነጋታው ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመጣል። እነሱ ሄደዋል፣ እናንተ አላችሁ።

ሌሊት ሽንት ቤት ስትወጡ ባትሪና ዱላ ያዙ። ከበሩ ከመራቃችሁ በፊት መብራቱን ዙሪያውን አዙሩ፣ ዓይን ካበራ ቁሙ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ቤት ተመለሱ እንጂ እንዳትሮጡ።

መርዝ የሚባል ነገር ግን አታስቡ። መርዝ የተቀባውን ሥጋ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ ጅቡ ላይበላው ይችላል። የዱር እንስሳት ሕግም አለ፣ ያስጠይቃል።

አንድ የማልቀልድበት ነገር አለ። በቀን ሰው የማይፈራ፣ ለሀጩ የሚዝረከረክ ቀበሮ ወይም ውሻ ካያችሁ ራቁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበሉም ይሁን፣ ክትባቱ ግን አይቅር። ምልክቱ እስኪታይ ከጠበቃችሁ አይድንም።

ዛሬ ጠዋት አመዱን አየሁት። አያ ጅቦ አጥሩን በታች በኩል አልፎ፣ ያኔ ሞፈሩን ያስደገፍኩበት ድረስ መጥቶ፣ እዚያው ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመልሷል።