ጂፕሰም ኮርኒሱ ውሃ ከጠጣ፣ ከቀለሙ በፊት ቀዳዳው

ኮርኒሱ ላይ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቡናማ ክብ ካያችሁ ቀለም ቀቢ ለመጥራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ይታወቅ።

ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ጣጣው ከቆርቆሮው ነው። ብዙ ጊዜ የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። ቀዳዳው ከክቡ ትክክል በላይ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ውሃ ሞራሌውን (ኮርኒሱ የታሰረበትን እንጨት) ተከትሎ ርቆ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ በጎማ ውሃ ያፍስ፤ ሌላው ባትሪ ይዞ ኮርኒስ ውስጥ ይግባና ይከታተል። ሞራሌውን ይርገጥ እንጂ ጂፕሰሙን እንዳይነካ፣ አለዚያ ሳሎን ነው የሚያርፈው።

በጋም ክረምትም የሚረጥብ ከሆነ የቧንቧ ነገር ነው። ሮቶው ሲሞላ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ከዞረ የሚያፈስ መስመር አለ። ካልዞረም አትዘናጉ፣ የፍሳሽ ቱቦ ቆጣሪ ላይ አይታይም፤ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ሻወር ሲወስድ ጠብቆ ማየት ነው።

ሻወር ቤት ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ እንፋሎት ያመጣው ሻጋታ ነው። መስኮት ክፈቱ።

ኮርኒሱ ረግቦ ከተንጠለጠለ ውሃ አቁሯል፣ ስሩ አትቁሙ። ብሬከሩን አጥፉ፣ ባልዲ ደቅኑና ከጎን ሆናችሁ ዝቅ ያለውን ቦታ በካቻቢቴ ወጋ አድርጉት።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ኮርኒሱን በጣት ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። ከተሰረጎደ ወይም ወረቀቱ ከተላቀቀ ግን አይድንም፤ ግራና ቀኝ እስከ ሞራሌው መሀል ድረስ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ምክንያቱም አዲሱ ቁራጭ ጠርዙ የሚታሰርበት እንጨት ካላገኘ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ በብሎን እሰሩ፣ መገጣጠሚያው ላይ ቴፕ ለጥፉ፣ ስቱኮውን ሳሳ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በየመሀሉ እያደረቃችሁ ቀቡ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት።

ሁሉም ደርቆ፣ ተቀብቶ ክቡ ተመልሶ ከወጣ ፍሳሹ ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ። ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ያለው ውሃ የድሮውን እድፍ አሟሙቶ ወደ ላይ ይስበዋል። እድፉ ላይ መጀመሪያ አንድ እጅ ዘይት ቀለም ቀቡበት፣ ሲደርቅ ፕላስቲኩን ደርቡበት።