ትዳር በሞት ወይም በፍቺ ሲያበቃ የጡረታና የኢንሹራንስ መብትን እንዴት ማስከበር ይቻላል

ሐዋሳ ለቅሶ ቤት የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ቶሎ ፍርድ ቤት ሄደሽ ወራሽነት አውጪ»። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት አውጡ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። ኮፒው በርከት ይበል፣ ዋናውን ግን የትም ጥላችሁ አትምጡ።

እኔን ያንገላታኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከፍርድ ቤት የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የሁለቱ ልጆቼ ስም አለ፣ የእኔ የለም። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለካ በሕጋችን የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ሚስት ከጋራ ንብረቱ ግማሹን የምትወስደው የራሷ ድርሻ ስለሆነ ነው። እኔ ግን «ወራሽ ካልሆንኩ ጡረታውም አይገባኝም» ብዬ ወራት ሙሉ ቤቴ ተቀመጥኩ። እባካችሁ ይህን ስህተት አትድገሙት። ጡረታ ውርስ አይደለም! ከሟቹ ጡረታ ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ተብሎ የሚታሰብ የራሳችሁ መብት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበረ ከደመወዙ በየወሩ 7 በመቶ ተቆርጧል፣ ድርጅቱም 11 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች ልደት ካርድና ከመሥሪያ ቤቱ የአገልግሎት ማስረጃ ይዛችሁ ማኅበራዊ ዋስትና ሂዱ። በጉዳይ አስፈጻሚ አትላኩ፣ ራሳችሁ ሂዱ።

የሕይወት ኢንሹራንስ ካለ ውሉን አውጥታችሁ «ተጠቃሚ» የሚለውን ቦታ እዩ። ስም ከተጻፈበት ገንዘቡ በቀጥታ ለዚያ ሰው ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። ካልተጻፈበት ግን ወደ ውርሱ ይገባል፤ የወራሽነት ወረቀቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የተፋታ ሰው የቀድሞ ባለቤቱ ሲሞት የባልነት ወይም የሚስትነት ጡረታ አያገኝም፤ የልጆቹ መብት ግን አይነካም። የፍቺ ውሳኔውን አስመዝግቡ፣ ኮፒውን መሥሪያ ቤት ፋይላችሁ ውስጥ አስገቡ። ኢንሹራንስ ላይ የተጠቃሚውን ስም መቀየር ከፈለጋችሁ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አስቀይሩ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ስም ደግሞ አደራ። የእኔ የጋብቻ ወረቀት «ወይንሸት» ይላል፣ የባለቤቴ የሥራ ፋይል ላይ «ወይኒቱ» ተብሎ ተጽፏል። «አንድ ሰው ናት» የሚል ውሳኔ ለማግኘት እንደገና ምስክር ቆጥሬ ፍርድ ቤት ቆሜያለሁ። ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ።