የከቨር አልበም የሚሠራ የሬጌ ባንድ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጀሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ኪራይ ረከስ ያለበት ሰፈር ሁሉ የሚለማመድ ባንድ አይጠፋም። መሀል ከተማ ድራም የሚያስመታ አከራይ ስለማይገኝ ሙዚቀኛው ወደ ዳር ይወጣል። ከእነዚህ ባንዶች ሬጌ የሚጫወቱት ብዙ ናቸው፤ የመጀመሪያ አልበማቸውን በሌላ ሰው ዘፈኖች መሥራት የሚፈልጉም አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ አብዛኞቹ ምቱን ቀድመው ይወስኑና ዘፈኑን በኋላ ያስገቡበታል። ቀረጻ ላይ ስለምሠራ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መምረጥ

ዝርዝሩ ሲቀርብ ከላይ እስከ ታች ቦብ ማርሌይ ነው። አድማጩ እነዚያን ዘፈኖች ከባለቤቱ አንደበት ሲሰማ ነው የኖረው፤ የእናንተን የሚከፍተው ለማወዳደር ብቻ ነው፣ ፍርዱም ከወዲሁ ይታወቃል።

የእንግሊዞቹ ዩቢ 40 እ.ኤ.አ. በ1983 «ሌበር ኦፍ ላቭ» የተባለውን የከቨር አልበም ሲያወጡ የመረጡት በልጅነታቸው በርሚንግሃም ውስጥ ሲሰሟቸው ያደጉትን ዘፈኖች ነበር። ከሁሉ የገነነላቸውን «ሬድ ሬድ ዋይን»ን የሚያውቁት በጃማይካዊው ቶኒ ትራይብ ድምፅ ነው። ዘፈኑን የደረሰው አሜሪካዊው ኒል ዳይመንድ መሆኑን አላወቁም፤ ሸክላው ላይ «ኤን ዳይመንድ» የሚለውን ሲያዩ «ንጉሥ ዳይመንድ» የሚባል ጃማይካዊ መስሏቸው እንደነበር ከባንዱ አባላት አንዱ በኋላ ተናግሯል። «ንጉሥ» የሚለው ቃላችን የት ድረስ እንደተጓዘ ይታያችሁ። ለማንኛውም አልበሙ የሠመረው ዘፈኖቹ አብረዋቸው ያደጉ በመሆናቸው ይመስለኛል። እናንተም ቤታችሁ ካሴቱ እስኪላላ የተደመጠውን ፈልጉ። አባታችሁ መኪና ውስጥ ይከፍቱት የነበረና ዛሬ ማንም የማይጫወተው ዘፈን ለእናንተ ወርቅ ነው።

ችክችካን በግድ አራት ማስመታት

ብዙ አልበም የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፣ ሬጌ በአራት አራተኛ። ድራመሩ ዋን ድሮፕ የሚባለውን የሬጌ ምት ይጀምራል፣ ዘፋኙ ዜማውን እንደለመደው ያወርዳል፣ ግጥሙም መሀል ላይ ይጨናነቃል። የሚጠብቀው ፊደል ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል፤ አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮውን ይቆረቁረዋል። ጥፋቱ ደግሞ ዘፋኙ ላይ ይለጠፋል፤ ያጠፋው ግን አቀናባሪው ነው።

መሣሪያውን ሁሉ አስቀምጡና ዜማውን በጭብጨባ ብቻ ዝፈኑት። ግጥሙ ቤት የሚመታበት ቃል የት እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሁለት የችክችካ ባር እንደ አንድ የሬጌ ባር ቁጠሩ፤ አራት ምት ታገኛላችሁ፣ እያንዳንዱም ለሦስት ይከፈላል። ሃይ ሃቱ (የድራሙ ጥንድ ሳህን) እና ኦርጋኑ ሦስት ሦስቱን ይያዙ፣ ኪክና ስኔር (በእግርና በእጅ የሚመቱት ዋና ከበሮዎች) ሦስተኛው ምት ላይ አብረው ይውረዱ፣ የመጀመሪያው ምት ባዶ ይሁን። ዜማው ሳይጎዳ ሬጌ ይሆናል። ፍጥነቱን በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ምት ባለው ውስጥ ሞክሩት። ዘፋኙ ትንፋሽ ካጠረው ፈጥናችኋል፤ ቃላቱ እየተጎተቱ ካስቸገሩት ደግሞ ዘግይታችኋል። በዚህ መንገድ የማይገባ ዘፈን ካለ ተዉት። ሁሉም ዘፈን ሬጌ መሆን የለበትም።

ቅኝቱን በኮርድ መድፈን

ጊታሪስቱ ከሬጌ የለመደው ሁለት ማይነር ኮርድ አለ፤ የትኛውም ዘፈን ቢመጣ እነዚያን ይጥልበታል። ትዝታ ላይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ዘፈኑን ይገድለዋል። ከሲ ብንነሳ አንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ነው። ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሦስተኛው ድምፅ ጭራሽ የለበትም። ሲ ማይነር ስትመቱ ኢ ፍላትንና ጂን ከውጭ አመጣችሁ ማለት ነው፤ ቅኝቱ ያን ጊዜ ይጠፋል። ጊታሩ ሲ እና ኤፍን ብቻ ይዞ ይቁረጥ፣ ዲ ፍላቷን ለቤዙ ወይም ለኦርጋኑ ስጡ። አምባሰልም ሦስተኛው ድምፅ የለበትም፤ ከአንቺ ሆዬ የሚለየው ጂው ፍላት ባለመሆኑና ኤው ፍላት በመሆኑ ነው። አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ለአንድ ልምምድ ብትጋብዙ የተሳሳተውን ኮርድ እሱ ቀድሞ ይሰማላችኋል።

ክፍት ቦታ መፍራት

ሬጌ ተሠርቶ ባለቀ ዘፈን ላይ የሚነሰነስ ሚጥሚጣ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሠራል፦ የቀድሞው ቅንብር እንዳለ ይቀመጣል፣ ብራሱም ክራሩም ሦስቱም ኪቦርድ ይቀራሉ፣ ከላይ የጊታር ቻክ (የሬጌው አጭር ቁርጥ ምት) ይጨመራል። ቤዙን የሚሰማ የለም። ከቤዝ ጀምሩ። ቤዝ፣ ድራምና ድምፅ ብቻቸውን ዘፈኑን መሸከም ካልቻሉ የሚጨመረው ሁሉ አያድነውም። ኪቦርዲስቱ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

የኪንግስተንን አነጋገር መኮረጅ

አጭር ነው፦ የጃማይካውን አነጋገር ተዉት። በራሳችሁ አፍ ዝፈኑ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ዋር» ግጥሙ አብዛኛው የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ጃንሆይ ያንን የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ይህን ዘፈን በአማርኛ ለመሥራት የሚያስብ ባንድ ከእንግሊዝኛው ግጥም ተነስቶ ከሚደክም የንግግሩን አማርኛ ፈልጎ ያንብብ።

የዳር ሰፈርን ጠባይ አለማወቅ

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በክረምት ድምፅ አይቀረጽም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ዘፋኙን ጠዋት አስገቡ፤ ከሰዓቱን በቀጥታ በገመድ ለሚገቡት ለቤዝና ለኪቦርድ ተዉት። በፍልሰታና በዐቢይ ጾም ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ። ያን ሰሞን በከበሮ ጎረቤት ማስቀየምም ደግ አይደለም። ለጎረቤት ቀድሞ ያልተናገረ ባንድ ደንብ አስከባሪ በሩ ላይ ይቆምበታል።

መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል፤ ስታቢላይዘርና ባትሪ ያስፈልጋል። ጊታሩ ላይ የማያቋርጥ እምምታ ካለ ጊታሩን ከመቀየራችሁ በፊት የቤቱ መስመር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) እንዳለው ለኤሌክትሪሺያን አሳዩ። አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች እንኳ የሌለው ቤት ይገኛል። ማታ የምትቀርጹ ከሆነ የመመለሻውን ወጪ በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ታክሲ የሚጠብቅ ድራመር ሐሳቡ ድራሙ ላይ አይሆንም።

«ዘፋኙን አስፈቅደናል» ብሎ መዝናናት

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሥራን የማባዛት፣ የመተርጎምና እንደገና የማቀናበር መብት የደራሲው ነው ይላል። በእኛ ሀገር ደግሞ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ድምፁ የሦስተኛው ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። ዘፋኙ «በርቱ ልጆቼ» ቢላችሁ ደስ ይላል፣ ግን የግጥሙ ባለቤት እሱ ላይሆን ይችላል። «ኖ ውማን ኖ ክራይ» እንኳ በደራሲነት የተመዘገበው በማርሌይ ስም ሳይሆን በትሬንችታውን ለችግረኞች ምግብ ያበስል በነበረው ወዳጁ በቪንሰንት ፎርድ ስም ነው።

«አሮጌ ዘፈን ነው» የሚለውም አያዋጣም። መብቱ የሚቆየው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ስለዚህ በስድሳዎቹ የወጡ አብዛኞቹ ዘፈኖች ዛሬም ባለቤት አላቸው፤ ደራሲው ካረፈ ደግሞ ወራሾቹ። አንዱ ልጅ ሲፈቅድ ውጭ ሀገር ያለችው እህት ላትሰማ ትችላለች። የሁሉም ፊርማ ይኑር፣ በጽሑፍ ይሁን፣ የክፍያው ድርሻም ይገለጽ። ደራሲው በሕይወት ካለ በስልክ አትጀምሩት። የሚያውቀውን ሰው ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ፣ «ጋሼ፣ ዘፈንዎን እንዲህ አድርገን ሞክረነው ነበር፣ ይስሙልን» በሉ። ሳይሰማ ከፈቀደና በኋላ ቅንብሩን ካልወደደው ጭቅጭቁ የሚነሳው አልበሙ ከወጣ በኋላ ነው።

ለውጭ ዘፈን በኢንተርኔት የሚሸጥ ፈቃድ አለ። የአሜሪካ ሕግ አንዴ ለሕዝብ የወጣን ዘፈን የተወሰነ ክፍያ እየከፈሉ እንደገና መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ያ ፈቃድ የሚሠራው ግን እዚያው አሜሪካ ውስጥ ነው። ግጥሙን ወደ አማርኛ መመለስን አይጨምርም፣ ቪዲዮንም አይሸፍንም። ክሊፕ ልትሠሩ ካሰባችሁ ለእሱ ሌላ ፈቃድ ጠይቁ።

አልበሙ ኢንተርኔት ላይ ሲጫን ቅጹ የደራሲ ስም ይጠይቃል። ሰው እየቸኮለ የባንዱን ስም ይሞላበታል። የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ በትክክለኛ አጻጻፍ በወረቀት ይዛችሁ፣ ከፊርማው ጋር አመሳክራችሁ፣ ከዚያ ሙሉት። ከወጣ በኋላ ማስቀየር ይቻላል፣ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ገንዘቡ የሚቆጠረው በተሳሳተው ስም ነው።